በእጅ የተያዙት ዳክዬዎች

ይድረስ ሐይቅ ለምትኖሪው ለውድ እናቴ፤

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? አሁንም ጧት ጧት ያጎብጥሻል ወይስ ፀሐዩ ሲጠና ለቀቀሽ? አባዬስ እንዴት ነው? ያ ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣው ሳል ተወው? ወይንሸትና ልጆቿ እንዴት ሰነበቱ? በቀለስ? ደጅ ያለችው ላም ወለደች ወይስ ገና ናት? እኔ አምላክ ይመስገን ጤናዬን አላጣሁም። ተሰማም ደህና ነው፣ ወደ ባቡሩ ጥገና ቤት ወጥቶ ይገባል። በሆዴ ያለውም ሰባተኛ ወሩን ይዟል፤ ጧት ከእኔ ቀድሞ ይነቃል፣ ቀኑን ሙሉ ሲራገጥ ይውላል። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለግንቦት ልደታ ግድም እገላገላለሁ ብለውኛል። ድሬዳዋ አሁን ሙቀቷ ገና አልባሰም፤ ማታ ማታ ነፋስ አላት።

በቀለ የጻፈልሽ ደብዳቤ የደረሰኝ ትናንት ነው። ዘንድሮ የሐይቁ ወፍ ከመብዛቱ የተነሣ የውኃው ዳር ጠቁሯል፣ የወይንሸት ልጆችም የሞተ ዳክዬ እያነሡ ላባውን ነጭተው ግቢ ውስጥ ይጫወቱበታል ብለሽ ያስጻፍሽው ለወሬ ያህል ነው። እኔ ግን እዚያ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ትቼ ከዚህ ልጀምር፤ ልጆቹ የሞተም ሆነ የታመመ ወፍ በእጃቸው እንዳይነኩ። በቀለ፣ ይህን ለእማዬ ስታነብላት እዚህ ላይ አቁምና መጀመሪያ ሂደህ ልጆቹን ንገራቸው። ቀሪውን ተመልሰህ ታነባለህ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ የራሴም ጥፋት አለበት፤ ምንም ሳልደብቅ እነግርሻለሁ።

እንደምታውቂው የምንኖረው መጋላ፣ ሐጂ ሞሐሙድ ከሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ተከራይተን ነው። ከአንድ ግድግዳ ወዲያ ዳሃቦ አለች። ከዚህ ቀደም ስለ እሷ ጽፌልሻለሁ፤ ባሏ የሞተባት፣ እንቁላል ተራ ተቀምጣ እንቁላልና ዶሮ የምትሸጥ ሶማሌ ናት። አዲስ መጤ ሳለሁ ሙቀቱ አልጋ ላይ በጣለኝ ጊዜ፣ እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ እያደረገች ያስታመመችኝ እሷ ናት። «አባዮ» ትለኛለች፤ በቋንቋቸው እህቴ ማለት ነው። አማርኛዋ ሶማሊኛውም፣ ኦሮምኛውም፣ አረብኛውም የገባበት የድሬ አማርኛ ነው፤ ግን ሳንግባባ የቀረንበት ቀን አልነበረም። የእኔ ዘጠኝ ዶሮዎችና የእሷ አሥራ ሁለት በአንድ ግቢ ይውላሉ፣ ከአንድ ገበቴ ይጠጣሉ፤ ሲመሽ ብቻ የእሷ ወደ እሷ ቆጥ፣ የእኔ ወደ እኔ ቆጥ ይለያያሉ። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህ እንቁላል የማን ነው ተባብለን አናውቅም።

ጥምቀት ዘንድሮ ቅዳሜ ዋለ። በማግሥቱ እሑድ የሚካኤልን ታቦት ለማጀብ ነጭ ለብሼ ወጣሁ። ተሰማ ጥገና ቤት አስቸኳይ ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ። ዳሃቦም የሮመዳን ገበያ ስለደረሰባት ዶሮ ልትገዛ ቢዮ አዋሌ ሄዳ ነበር፤ እዚያ ዐስሊ የምትባል እህት አለቻት። ማታ እኔ ከንግሡ ስመለስ እሷም ስድስት ቄብ በቅርጫት ይዛ ገባች። ቦታ እስኪለምዱ ብላ ከክፍሏ ጓሮ አሰረቻቸው። ተሰማም ቤት ነበር፤ ግቢውን ጠርጎ፣ ሳፋውን አጥቦ ጠበቀኝ። ወንድ ልጅ ሳይታዘዝ ሳፋ ሲያጥብ ደስ ብሎኝ መረቅሁት።

ረቡዕ ጧት አውራ ዶሮዬ ሳይጮህ ቀረ። ወጥቼ ሳየው አንገቱን ቀብሮ ከቆጡ ሥር ቆሟል። ፊቱ አብጧል፣ በራሱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እንደ ጥቀርሻ ጠቁሯል። ውኃ ባቀርብለት አልጠጣም፤ ቀትር ሳይሆን ሞተ። ሐሙስ አራት ሞቱብኝ። አንቺ ዘንድ ፈንግል ገብቶ ደጃፉን ባዶ ያደረገበትን ዘመን አስታውሳለሁ፤ ይህ ግን ከዚያም የፈጠነ ነው። ማታ ጥሬ ስትለቅም ያየኋት ጧት ደርቃ አገኛታለሁ። አርብ ጧት የቀሩኝ ሁለት ነበሩ። የዳሃቦም ነባር ዶሮዎች መሞት ጀምረዋል። ከቢዮ አዋሌ የመጡት ስድስቱ ቄቦች ብቻ ደህና ናቸው፤ ይጭራሉ፣ ይለቅማሉ። እኔም ይህን አየሁና ፍርዱን በልቤ ጨረስኩ። በሽታውን ይዘው የመጡት እነሱ ናቸው፣ ለምደውት ስለሆነ ራሳቸውን አልጎዳቸውም አልኩ።

እማዬ፣ ዳሃቦ ቤት እስክትመለስ መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅሁም። እንደ ተናደድኩ እንቁላል ተራ ሄድኩና ገበያተኛው መሐል ቆሜ፣ «በሽተኛ ዶሮ አስገብተሽ የእኔን ፈጀሽ፤ አሁን ደግሞ የበሽተኛ ዶሮ እንቁላል ለሰው ታበያለሽ!» አልኳት። ድምፄ እስከ ወዲያኛው ተራ ተሰማ። እሷ ብድግ ብላ፣ «አባዮ፣ ቤት ገብተን እንነጋገር» አለችኝ። «ምን የሚያነጋግር አለ?» ብዬ ትቻት ሄድኩ። ስሄድ አንዲት ሴት የመረጠችውን እንቁላል መልሳ ቅርጫቱ ውስጥ ስታስቀምጥ አይቻለሁ። ያን ጊዜ የልቤ የደረሰ መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደ ሰማሁት ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ ድረስ በዳሃቦ ቅርጫት ፊት የቆመ ሰው አልነበረም፤ ከቤት የማይገናኘውን፣ ከገጠር የመጣውን እንቁላሏን እንኳ የሚገዛት አጣች።

ቅዳሜ ሐጂ ሞሐሙድ አቶ ክፍሉ የሚባሉትን የከብት ሐኪም ጠርተው አመጡ። አቶ ክፍሉ ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። አንዷን የሞተች ዶሮ በቢላ ከፍተው ውስጧን ረዥም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «በዚህ ሳምንት በዚህ ግቢ የዱር ወፍ ገብቷል?» ሲሉ ጠየቁን። ለምን እንደጠየቁም ነገሩን። ዓለማያ ሐይቅ ላይ በየዓመቱ ከሩቅ አገር፣ ከብርድ ሸሽተው የሚመጡት ዳክዬዎች ዘንድሮ ዳር ዳሩን እየሞቱ መሆኑን እረኞች ነግረዋቸው፣ ሄደው በዓይናቸው አይተዋል። እኔ «ከቁራና ከእርግብ በቀር ምንም አይገባም» አልኩ። እሳቸው ግን ተሰማን ነበር የሚያዩት። የተሰማ ዓይኖች ከሁለት ቀን ጀምሮ ደም መስለው፣ እያለቀሱ ነበር፤ እኔ የጥገና ቤቱ አቧራ መስሎኝ በሻይ ውኃ አጥቤለታለሁ። «አንተስ ወፍ ነክተሃል?» አሉት። «የለም» አላቸው። አቶ ክፍሉ ከእንግዲህ ከዚህ ግቢ አንዲት ዶሮ፣ አንድ እንቁላል እንዳይወጣ፣ ሰኞ ተመልሰው የቀሩትን ምን እንደምናደርግ እንደሚነግሩን ተናግረው፣ «ለጎረቤታችሁም ንገሯት» ብለው ሄዱ። ዳሃቦ ገበያ ነበረች። እኔ ተኮራርፈናልና ሐጂ ይነግሯታል ብዬ ተውኩት። ሐጂ ደግሞ የምነግራት እኔ መስሏቸው ነበር። ይህም ሁለተኛው ጥፋቴ ነው።

እሑድ ጧት ሮመዳን ገብቷል። ሻይ አፍልቼ ለተሰማ ሳቀርብ ሐጂ ሞሐሙድ በር ላይ ቆመው፣ ዳሃቦ የቀሩትን አሥራ አንድ ዶሮዎች በሁለት ቅርጫት አድርጋ ከጎህ ጋር መውጣቷን ነገሩን። «ስሜ በጠፋበት ግቢ ምን አደርጋለሁ፣ ቢዮ አዋሌ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ ብላ ተሰናብታኛለች» አሉ። የሐኪሙን ትእዛዝ አልነገራችኋትም ወይ ሲሉኝ፣ እርስዎ የነገሯት መስሎኝ ነበር አልኳቸው። ዐስሊ ዶሮ የምታረባው ለራሷ ብቻ አይደለም፤ የመንደሩ ሴት ሁሉ ጫጩት የሚወስደው ከእሷ ነው።

ሐጂ እንደ ሄዱ ተሰማ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ጥሩዬ፣ የዳሃቦ አይደለም» አለኝ። ምኑ ስለው፣ «በሽታው። ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ።

ያን የሚካኤል ዕለት ሥራ አልገባም ኖሯል። አደን የሚወድ አንድ ፈረንጅ አለቃው በመኪና ጭኖት የደንገጎን ዳገት ወጥተው ዓለማያ ሄደዋል። ፈረንጁ ሲተኩስ ዳክዬው ሁሉ እንደ ደመና ተነሣ። ከቄጤማው ሥር ያሉት አምስቱ ግን የጥይት ድምፅ እየሰሙ አልተነሡም። አንዱ አንገቱን ጠምዝዞ አንድ ቦታ ላይ ይዞራል፣ ሌሎቹ ተኝተዋል። ተሰማ ጫማውን አውልቆ ገባና አምስቱንም እንደ ድንች ለቅሞ ወጣ። ፈረንጁ በሳቅ ሞተ፤ «እኔ በጥይት አንተ በእጅህ!» ብሎ አጨበጨበለት። ሲመለሱ ሁሉንም አጽዳና ሥጋውን ማታ አምጣልኝ፣ ላባው ያንተ ነው አለው። ላባውን ተሰማ ራሱ ነው የለመነው። ፈረንጆቹ ሕፃን የሚያስተኙት በዳክዬ ላባ ትራስ ላይ ነው ሲባል ሰምቶ፣ ለልጃችን ሊያሰፋ አስቦ ነው። ግቢው ባዶ ነበር። ከማድ ቤቱ ጀርባ በእኔ ሳፋ ነከረ፣ በእኔ ቢላ ከፈተ፣ የሆድ ዕቃውን ለዶሮዎች ወረወረላቸው። ተሻሙበት አለኝ። የዳሃቦ ስድስት ቄቦች ያልታመሙት ማታ ስለደረሱና ከጓሮ ታስረው ስለሰነበቱ ነው። ላባውን በጆንያ ቋጥሮ ያኖረው የት ይመስልሻል? ከአልጋችን ሥር። ሳምንቱን ሙሉ ከእነ ሆዴ በላዩ ላይ ተኝቻለሁ።

«ለምን አልነገርከኝም? ለሐኪሙስ ለምን ዋሸህ?» አልኩት። «መጀመሪያ የሚካኤልን ዕለት ትቼ አደን መሄዴንና ዳክዬ በዕቃሽ ላይ ማረዴን ብትሰሚ ትቀየሚኛለሽ ብዬ ፈራሁ» አለኝ። «ዶሮዎቹ መሞት ሲጀምሩም የዶሮ ነገር ነው ብዬ ነበር። ዳሃቦን ከሰደብሻት በኋላ ግን እኔ ብናገር አንቺም ትዋረጃለሽ፤ ነገሩ ከአፌ የሚወጣበት በር ጠፋብኝ።» ዓይኑ ቀልቶ ስለነበር እያለቀሰ ይሁን ታሞ መለየት አልቻልኩም። ለመጣላትም ጊዜ አልነበረም። እሱ አቶ ክፍሉን ሊጠራ ወጣ፣ እኔ የቢዮ አዋሌው መኪና ሳይሞላ አይነሣምና እደርስባት ይሆናል ብዬ፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወደ መነሻው ሮጥኩ።

ሩጫ ካልሽው ነው፤ በአንድ እጄ ሆዴን ደግፌ፣ በአንድ እጄ ነጠላዬን ይዤ። የቢዮ አዋሌው የጭነት መኪና ከገበያው ጫፍ ቆሟል፤ ሞተሩ ተነሥቷል። ዳሃቦ ከሰውና ከጆንያ መሐል ተቀምጣለች፣ ሁለቱ ቅርጫቶች ከእግሯ ሥር ናቸው። ስታየኝ ፊቷን ወደ ወዲያ አዞረች። ሾፌሩን ወርሳሜን በእናትህ አትንቀሳቀስ ብዬ ለመንኩት። ከዚያ ወደ ላይ አንጋጥጬ፣ «ዳሃቦ፣ ውረጂ። ዶሮዎቹን እህትሽ ዘንድ አትውሰጂያቸው፣ የእሷም ያልቃሉ። በሽታው የወጣው ከእኛ ቤት ነው» አልኳት።

«ከማን ቤት?» አለች ሳትዞር።

«ከእኛ። ተሰማ የታመመ ዳክዬ ከዓለማያ አምጥቶ ግቢ ውስጥ አርዷል። እኔ አላወቅሁም ነበር። አንቺ ምንም የለሽበትም።»

 ዳሃቦ ቀስ ብላ ዞረች። «አርብ ዕለት ስትሰድቢኝ የት ነበርኩ? እዚህ መኪና ላይ?» አለችኝ። «እንቁላል ተራ ነበርሽ» አልኩ። «እንግዲያው እዚያ ንገሪኝ። እዚህ ያሉት ስሜን አላጠፉትም።» ከዚያ ለወርሳሜ በሶማሊኛ አንድ ነገር አለችው። እሱም ሞተሩን አጥፍቶ፣ «ሀዬ፣ ሂዱ፣ እጠብቃለሁ» አለን። ቅርጫቶቹን ማንም እንዳይነካ ከመኪናው አውርዳ ለብቻቸው አስቀመጠች፤ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሄድን።

እማዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያች መንገድ የረዘመችብኝ የለችም። እንቁላል ተራ ስንደርስ እነዚያው ሴቶች ናቸው የተቀመጡት። መሐል ቆምኩ። የአርቡ ድምፄ ጠፍቶብኝ፣ «አርብ ዕለት በዳሃቦ ላይ የተናገርኩት ሐሰት ነው» ስል አልሰሙኝም። ዳሃቦ ከኋላዬ፣ «እንደ አርቡ» አለች። እኔም እንደ አርቡ ጮህኩ። በሽታውን ያመጣው የእኔ ባል መሆኑን፣ የእሷ ቄቦች ንጹሕ ሆነው እንደመጡ፣ ነባሮቹንም በሽታው ከእኛ እንደያዛቸው፣ እኔ ሳልጠይቅ ስሟን እንዳጠፋሁ፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ከሴቶቹ ትልቋ፣ ሃሊሞ፣ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ባልሽን አጋልጠሽ ማታ ምን ልትሆኚ ነው?» አለች። «ያልኩት እሱም የሚያውቀውን ነው» አልኳት። «ሐቅ ነው» አለችና ወደ ዳሃቦ ዞራ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችላት። ዳሃቦ ግን አልተቀመጠችም። «ዶሮዎቼ ፀሐይ ላይ ናቸው» ብላ ተመለሰች። ወርሳሜን ለእህቷ መልእክት ነግራው፣ መኪናው ያለ እሷ ሄደ።

ግቢ ስንደርስ አቶ ክፍሉ ከተሰማ ጋር ቆመው ነበር። ተሰማ ሁሉንም ነግሯቸዋል። የቀሩት ዶሮዎች፣ የእኔ ሁለትና የዳሃቦ አሥራ አንድ፣ ዛሬውኑ መገደልና መቀበር አለባቸው አሉ፤ ደህና የሚመስሉት ቄቦችም ጭምር፣ ምክንያቱም ዛሬ ጧት ከታመሙት ጋር በአንድ ቅርጫት ገብተዋል። ሐጂ ከተማውን አቋርጦ ከሚያልፈው ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እንቅበራቸው ቢሉ፣ ጎርፍ ሲመጣ አውጥቶ በከተማው ይበትነዋል ብለው ከለከሉ። ተሰማ ከጓሮ የወገብ ያህል ጉድጓድ ቆፈረ። አቶ ክፍሉ አንገታቸውን ቆልምሞ መግደል ይቀላል ሲሉ ዳሃቦ እንቢ አለች። «የማይበሉ ቢሆኑም አንቄ አልገድልም። ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ» አለች። ደሙ ከጉድጓዱ ውጭ እንዳይፈስ አደራ ብለው ፈቀዱላት። ውኃ እንኳ ያልቀመሰች ጾመኛ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ከጉድጓዱ አፍ ተንበርክካ አሥራ አንዱን አንድ በአንድ ቢስሚላህ እያለች አረደች። የእኔን ሁለቱን አቀረብኩላት። ቢላውን ለእኔ ሰጥታኝ ተነሣች፤ የእኔን ለእኔ ተወችልኝ። ኖራ ነስንሰን አፈር መለስንበት። የላባውን ጆንያ ተሰማ ራሱ በነጭ ጋዝ አቃጠለው። ሳፋውንና ቢላውን ቀቀልን፣ ግቢውን በአመድና በኖራ አጠብን።

አቶ ክፍሉ ያሉኝን ልንገርሽ፣ ይህን ክፍል በቀለ ሁለት ጊዜ ያንብብልሽ። ይህ ነገር ፈንግል ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ከሰው ኢንፍሉዌንዛ ጋር ዝምድና ያለው የወፍ በሽታ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በደቡብ አፍሪካ የባሕር ወፎች በእንዲህ ያለ በሽታ በብዛት መሞታቸውን በመጽሔት አንብበዋል። የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም፤ ከሞቱት ናሙና በበረዶ አድርገው ወደ አዲስ አበባ ልከዋል፣ እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። አላውቅም ማለት የማያፍሩ ሐኪም ናቸው። የሚያውቁት ግን ይህ ነው፤ የታመመው ወፍ ኩሱም፣ ምራቁም፣ የሚዋኝበት ውኃም በሽታውን ወደ ዶሮ ያጋባል። ዳክዬ ታሞ ላይሞት ይችላል፣ ዶሮ ግን አይተርፍም። ስለዚህ ዶሮዎችሽን እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ ወፎቹ ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ድረስ፣ ወደ ሐይቁ ዳር እንዳይወርዱ አድርጊ። የሚጠጡትን ከምንጩ እንጂ ከሐይቁ አትቅጂላቸው። ሞቶ የተገኘ ወፍ ካለ በእንጨት ገፍታችሁ ቅበሩት፤ ልጆቹ የነጩት ላባም ካለ ይቃጠል፣ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ዓይናቸው ከቀላ ወይም ካተኮሳቸው ደሴ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። ወፎቹን ግን አትጥሏቸው፣ ድንጋይም አይወርወርባቸው። እንደ እኛው እንግዳ ናቸው፣ የታመሙትም ወደው አይደለም።

የተሰማ ዓይን በአሥር ቀን ዳነ። እኔን ምንም አልነካኝም፤ አቶ ክፍሉ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየመጡ ትኩሳቴን አዩ። ፈረንጁም ደህና ነው፤ ሲነገረው ደንግጦ ዘንድሮ አደን አልሄድም ብሏል። የዓለማያው ሐይቅ ዳር ያሉ ሰዎች ዶሯቸውን እንዲያስሩ ተነግሯቸዋል፣ ሞቱም ረገብ ብሏል ይባላል።

ተሰማንና እኔን ብትጠይቂኝ፣ አምስት ቀን አላነጋገርኩትም። ምግብ አቀርባለሁ፣ ውኃ አስታጥባለሁ፣ ቃል አይወጣኝም። ዳክዬ ማረዱን በሰማሁ ጊዜ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ያስቸገረኝ እኔ ዳሃቦን ገበያ ላይ ሰድቤ መጥቼ ስነግረው ዝም ብሎ መስማቱ ነው። በስድስተኛው ቀን ግን አስብ ጀመር። እሱ ዝም ያለው ሦስት ቀን ነው፤ እኔ ሳልጠይቅ ለመፍረድ ሦስት ቀንም አልፈጀብኝም። «ራትህን ብላ» አልኩት፤ እሱም በላ። የንስሐ አባቱ ስግደት ሰጥተውታል፣ በየጧቱ ጉልበቱን እያሻሸ ወደ ሥራ ይሄዳል።

ዳሃቦ ዘንድ ሐጂ ሞሐሙድን ሽማግሌ አድርገን ሄድን። ተሰማ የጠፋውን ዶሮ ሁሉ በዶሮ እመልሳለሁ፣ አዲስ የዶሮ ቤትም እሠራልሻለሁ ብሎ እግሯ ሥር ሊወድቅ ሲል ያዘችው። «ዶሮ አላህ ይሰጣል። ቤቱን ሥራ፣ ፀሐይ እንዳይመታው ጣሪያውን ከፍ አድርገው» አለችው። እኔን ግን አላየችኝም። ሮመዳንን ሙሉ በአንድ ግቢ ውስጥ «እንዴት አደርሽ» «አልሐምዱሊላህ» ብቻ እየተባባልን ቆየን። አባዮ ማለቱን ተወችው። በየማታው ማፍጠሪያዋን ብቻዋን ስታቀርብ ከግድግዳው ወዲያ ይሰማኛል። ድሮ ያን ሰዓት እሷ ዘንድ ነበርኩ።

ተሰማ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ከአሮጌ የባቡር እንጨትና ከሽቦ ቤቱን ሠራ። የዐስሊ ዶሮዎች አንድም ሳይታመሙ ከርመዋል፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ግቢው ያለ ዶሮ እንዲቆይ አቶ ክፍሉ የወሰኑልን ጊዜ ሲያልቅ፣ ጫጩት የምንወስደው ከእነሱ ነው። ዳሃቦ አሁን ከገጠር የመጣ እንቁላል ብቻ ትሸጣለች። ቅርጫቷ ፊት ሰው ይቆማል።

የዒዱ ዕለት፣ እኛ ዐቢይ ጾም ከገባን ሳምንት ሆኖን፣ በሬ ተንኳኳ። ዳሃቦ አዲስ ልብስ ለብሳ፣ በትሪ ተምር ይዛ ቆማለች። «ጾም ስለሆንሽ ሥጋ አላመጣሁም። ተምር ለጾምም ይሆናል፣ ለሆድሽም ጥሩ ነው፣ አባዮ» አለችኝ። የመጨረሻዋን ቃል ስሰማ ትሪውን መቀበል አቃተኝ፤ እሷው ገብታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስለ ዶሮ ምንም አልተነጋገርንም። ስወልድ ማን ከአጠገቤ እንደሚሆን ጠየቀችኝ፤ እናቴ ሩቅ ናት አልኳት። «እሷ እስክትመጣ እኔ አለሁ» አለች። አንቺ ለመምጣት ከተቻለሽ ግን አትቅሪብኝ፤ ተሰማ በባቡር አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ይቀበልሻል።

ለአባዬ ጉልበቱን ስሜያለሁ በይልኝ፤ ሳሉን ችላ እንዳይለው። ወይንሸትን ሰላም በያት፣ ልጆቿን ስለከለከልኳቸው እንዳይቀየሙኝ፤ የሚጫወቱበት የቆርቆሮ ባቡር ተሰማ እየሠራላቸው ነው። በቀለ፣ ጽሕፈትህ አምሯል፤ ትምህርትህን በርታ። ለእትዬ ጥሩነሽና ለደጃፍ ጎረቤቶቻችን ሁሉ በየስማቸው ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ተሰማም እጅ ነሥቷል፣ አፍሮ ነው እንጂ እሱም ይጽፍልሽ ነበር። ዳሃቦ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ የእሷም ሰላምታ እንዲገባ አዛኛለች። እንዳለችው ልጻፈው፤ «የልጅሽ አፍ ከእግሯ ይቀድማል፤ ነገር ግን እግሯም ይከተላል በያት» ብላለች።

ልጅሽ ጥሩወርቅ
ድሬዳዋ፣ መጋላ
የካቲት ፳፯ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.